ተፈጥሮ ግራና ቀኝን እንደምትለይ ያሳዩት ሴት

እ.ኤ.አ. በ1956 በኒውዮርክ የኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ የፊዚክስ ሊቅ ቺየን ሺዩንግ ዉ ከባለቤታቸው ጋር ወደ ጄኔቫ፣ ከዚያም ወደ ሩቅ ምሥራቅ ለመጓዝ የመርከብ ቲኬት ቆርጠው ነበር። ባልና ሚስቱ ከቻይና ከወጡ ሃያ ዓመት ሆኗቸዋል። መርከቡ ሲነሣ ግን የተሳፈሩት ባለቤታቸው ብቻ ነበሩ። ዉ ሌላ ሰው ሳይቀድማቸው ሊያከናውኑት የፈለጉት ሙከራ ነበራቸው።

ዉ የተወለዱት በሻንጋይ አቅራቢያ በምትገኘው በሊዩሄ ከተማ በ1912 ነው። ሴት ልጅን ማስተማር ብርቅ በነበረበት ዘመን አባታቸው የልጃገረዶች ትምህርት ቤት ከፍተው ነበርና የመጀመሪያውን ትምህርት የቀሰሙት በዚያ ነው። በ1936 ለከፍተኛ ትምህርት ወደ አሜሪካ ሲያቀኑ ወላጆቻቸውን ተሰናበቱ፤ ዳግመኛም በሕይወት አላገኟቸውም። በበርክሌይ በ1940 የዶክትሬት ዲግሪያቸውን ተቀበሉ።

የፊዚክስ ሊቃውንት ለረጅም ጊዜ ተፈጥሮ በራሷና በመስታወት ምስሏ መካከል አታዳላም ብለው ያምኑ ነበር። እንዝርት ወደ ቀኝ ሲሾር በመስታወት ውስጥ ወደ ግራ ሲሾር ይታያል፤ ሁለቱም እኩል የሚቻሉ ናቸው። ትውልደ ቻይና የሆኑት ሊ እና ያንግ ግን አንድ ነገር አስተዋሉ፦ የአንዳንድ አቶሞችን እምብርት በሚያፈርሰው ደካማ ኃይል ላይ ይህን እምነት የፈተነ አልነበረም። ዉ ደግሞ በዚህ ዓይነቱ የአቶም መፍረስ ጥናት አቻ የማይገኝላቸው ባለሙያ ነበሩ።

ሐሳቡ ቀላል፣ ሥራው ግን ከባድ ነበር። የኮባልት 60 እምብርቶች ሁሉ ወደ አንድ አቅጣጫ እንዲሾሩ በማግኔት መሰለፍ ነበረባቸው። ሙቀት ሰልፉን ስለሚያናጋው ኮባልቱ ከዜሮ በታች ወደ 273 ዲግሪ፣ የመጨረሻው ቅዝቃዜ ሊደርስ የዲግሪ መቶኛ እስኪቀረው ድረስ መቀዝቀዝ ነበረበት። መሣሪያው የነበረው በዋሽንግተኑ ብሔራዊ የመለኪያዎች ቢሮ ስለነበር፣ ዉ ከኧርነስት አምብለርና ከባልደረቦቹ ጋር ለመሥራት በሁለቱ ከተሞች መካከል ተመላለሱ። ቅዝቃዜው የሚቆየው ለጥቂት ደቂቃዎች ነበር፤ ቆጠራው በዚያች ጊዜ ማለቅ ነበረበት።

መስታወቱ እኩል ቢሆን ኤሌክትሮኖቹ ወደ ላይም ወደ ታችም በእኩል ቁጥር ይወጡ ነበር። አልሆነም። ከእምብርቶቹ መሾር አቅጣጫ በተቃራኒው በኩል የሚወጡት በዙ፤ ማግኔቱ ሲገለበጥም ብልጫው አብሮ ተገለበጠ። ኮባልቱ ሲሞቅ ልዩነቱ ጠፋ። ዝነኛው ቮልፍጋንግ ፓውሊ ሳይቀሩ እኩል ይሆናል ብለው ለመወራረድ ዝግጁ ነበሩ፤ ደግነቱ ተወራራጅ አላገኙም።

ውጤቱ በጥር 1957 ይፋ ሆነ። በዚያው ዓመት የኖቤል ሽልማት ለሊ እና ለያንግ ብቻ ተሰጠ። ሐሳቡ ያለ ማስረጃ ሐሳብ ሆኖ ይቀር ነበርና የዉ መታለፍ ዛሬም ብዙዎችን ያስቆጫል። በ1975 የአሜሪካ ፊዚክስ ማኅበር የመጀመሪያዋ ሴት ፕሬዚዳንት ሆኑ፤ በ1978ም የዎልፍን የፊዚክስ ሽልማት ለመጀመሪያ ጊዜ በተሰጠበት ዓመት ተቀበሉ።

ወደ ቻይና የተመለሱት በ1973 ነበር። የወላጆቻቸው መቃብር በባህል አብዮቱ ፈርሶ ቆያቸው። በየካቲት 1997 በኒውዮርክ አረፉ፤ አፅማቸውም ወደ ሊዩሄ ተወስዶ አባታቸው በከፈቱት ትምህርት ቤት ግቢ ውስጥ ተቀበረ።