«ስመረቅ እጽፋለሁ» ማለት ያስተወኝ ሰው፦ በዓሉ ግርማ

ዛሬ ላጫውታችሁ የፈለግኩት ስለ ደራሲና ጋዜጠኛ በዓሉ ግርማ ነው። ስለ እሱ ሲወራ ብዙ ጊዜ የሚነሣው አጠፋፉ ነው። እኔ ግን የበለጠ የገረመኝ አሠራሩ ነው። ለምን እንደገረመኝ ለመናገር ትንሽ ስለ ራሴ ማውራት ሊኖርብኝ ነው፤ ታገሡኝ።

ባለፈው ሴሚስተር ለሥነ ጽሑፍ ምሽት አንድ አጭር ልቦለድ ላነብ ስሜን አስመዝግቤ ነበር። ሦስት ገጽ ያህል እንደጻፍኩ አሳይመንቱና ፈተናው ተደራረበብኝ። ደብተሩን ዶርም ውስጥ ፍራሽ ሥር ወሸቅኩትና ስሜን አሰረዝኩ። ለጠየቀኝ ሁሉ ስመረቅ፣ ሥራ ስይዝ፣ ተረጋግቼ እጽፈዋለሁ እላለሁ። የተከራከረኝ ሰው የለም። እንዲያውም ብልህ ነህ ያሉኝ ይበዛሉ።

በዚህ መሐል አንድ የዶርሜ ልጅ ሽፋኑ የተገነጠለ «ከአድማስ ባሻገር» አዋሰኝ። ቅዳሜ ከሰዓት ይዤው ወደ ፍቅር ሐይቅ ወረድኩና እስኪመሽ አነበብኩ። ዋናው ገጸ ባሕርይ አበራ ወርቁ የተማረ የቢሮ ሰው ነው፤ ልቡ ግን ያለው ሥዕል ላይ ነው። ሥራዬን ልተው አልተው እያለ ይብሰለሰላል። ቀኑ ያልፋል፣ ሸራው ይጠብቃል። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ ፍራሼ ሥር ያለው ደብተር ትዝ ብሎኝ አፈርኩ። ይህን የጻፈ ሰው ራሱ እንዴት ኖረ ብዬ ሕይወቱን ማገላበጥ የጀመርኩት ያን ጊዜ ነው።

በዓሉ በ1930ዎቹ መጀመሪያ ኢሉባቦር ውስጥ ሱጴ በምትባል ቦታ ተወለደ። አባቱ ህንዳዊ ነጋዴ፣ እናቱ የአገሩ ተወላጅ ነበሩ። ልጅነቱን በከፊል እዚያው ገጠር አሳልፎ ለትምህርት አዲስ አበባ መጣ፤ በኋላም ጄኔራል ዊንጌት ትምህርት ቤት ገባ። እዚያ የእንግሊዝኛ መምህሩ እንዲጽፍ እንዳደፋፈረው ይነገራል። (መምህሮቻችን ይቺን ልብ ይበሉልን!)

ከዚያም የዛሬው አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ የፖለቲካ ሳይንስና ጋዜጠኝነት ተማረ። እኔን ያቆመኝ እዚህ ጋ ነው። ተማሪ ሳለ «ኒውስ ኤንድ ቪውስ» የተባለውን የተማሪዎች ጋዜጣ ያዘጋጅ ነበር። አስቡት፤ ፈተና ነበረበት፣ የሚጻፍ ወረቀት ነበረበት፣ ጋዜጣውም ነበረበት። ለእሱ የግቢ ጋዜጣ የትርፍ ጊዜ ጨዋታ አልነበረም፤ በኋላ ዕድሜ ልኩን የሠራበት ሙያ ነው። ወደ አሜሪካ ተሻግሮም በሚሺጋን ስቴት ዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ዲግሪውን አገኘ።

ሲመለስ የጠበቀው የተረጋጋ ኑሮ እንዳይመስላችሁ። የጠበቀው ሥራ ነው። መነን መጽሔትን፣ አዲስ ሪፖርተርን፣ የኢትዮጵያን ሄራልድና አዲስ ዘመንን በየጊዜው በአዘጋጅነት መርቷል። ጋዜጣ ቤት የሠራ ሰው እንደሚያውቀው ነገ የሚባል ነገር የለም፤ ገጹ ዛሬ ማታ መሞላት አለበት። በኋላ ደርግ መጣ። በዓሉም በማስታወቂያና መርሐ ብሔር ሚኒስቴር እስከ ቋሚ ተጠሪነት ደረሰ። ባለትዳርና የሦስት ልጆች አባትም ነበር።

ታዲያ ልቦለዶቹን መቼ ጻፋቸው? ቁጥሩን እንይ። «ከአድማስ ባሻገር» በ1962፣ «የኅሊና ደወል» በ1966፣ «የቀይ ኮከብ ጥሪ» እና «ደራሲው» በ1972፣ «ሀዲስ» እና «ኦሮማይ» በ1975 ዓ.ም. ታተሙ። በ13 ዓመት ስድስት መጽሐፍ ማለት ነው፤ ያውም ቢሮ እየገባ፣ ያውም አብዮት ባለበት ዘመን። «ሀዲስ» ደግሞ «የኅሊና ደወል»ን መልሶ አስፍቶ የጻፈው ነው። የታተመ መጽሐፉን እንኳ ገና አልጨረስኩትም ብሎ እንደገና የሚቀመጥ ሰው ነበር። እኔ ሦስት ገጽ ጽፌ ደክሞኝ ነበር!

ሥራውና ድርሰቱ ግን ሁልጊዜ ተስማምተው አልኖሩም። በ1974 ዓ.ም. ለቀይ ኮከብ ዘመቻ አስመራ ሄደ። ያየውን ይዞ «ኦሮማይ»ን ጻፈ። የመንግሥት ባለሥልጣን ሆኖ የመንግሥቱን ዘመቻ ገመና አወጣ። መጽሐፉ ከገበያ ተሰበሰበ፤ ሰው ግን በድብቅ እየተቀባበለ አነበበው። በዓሉ ከሥራው ተባረረ። በየካቲት 1976 ዓ.ም. ከቤቱ እንደወጣ ቀረ። ፎልክስዋገን መኪናው ቃሊቲ አካባቢ ቆማ ተገኘች። ከዚያ ወዲህ ያየው የለም፣ መቃብሩም አልታወቀም። ያን ጊዜ ገና በአርባዎቹ ዕድሜ ላይ ነበር። «ኦሮማይ» ከአርባ ዓመት በላይ ቆይቶ በ2017 ዓ.ም. በእንግሊዝኛ ታትሞ ለዓለም አንባቢ ደረሰ።

እኔ በዓሉን አይደለሁም፤ ማናችንም እሱ የከፈለውን እንድንከፍል አልመኝም። ነገር ግን አንድ ሒሳብ ከአእምሮዬ አልወጣም። ጡረታ ስወጣ፣ ሲመቸኝ ብሎ ቢቆይ ኖሮ ከስድስቱ አንዱንም አናነብም ነበር። ያ የሚመች ቀን ለእሱ አልመጣለትም። ለእኛም ቢሆን ስንመረቅ የሚጠብቀን የሥራ ማስታወቂያ ሰሌዳ፣ የቤት ኪራይና የቤተሰብ ጉዳይ ነው። ዛሬ ቢያንስ ላይብረሪው አለ፣ ረቂቃችንን የሚያነቡልን ጓደኞች አሉ፣ ሲሳሳት ቀይ እስክሪብቶ የሚያነሣ መምህር አለ። ይሄ ሁሉ ከምረቃ በኋላ በነፃ አይገኝም።

ደብተሩን ከፍራሽ ሥር አውጥቼዋለሁ። በቀን ግማሽ ገጽ፣ ከእራት በኋላ፣ ዶርሙ ሳይንጫጫ። ፈተና በነበረበት ሳምንት ሁለት ቀን ዘልያለሁ፤ አልዋሽም። ግሬዴ አልወደቀም። ታሪኩ አሁን አሥራ አንድ ገጽ ደርሷል፣ መጨረሻው ግን አላማረኝም፤ እንደገና ልጽፈው ነው። በሚቀጥለው የሥነ ጽሑፍ ምሽት ስሜን መልሼ አስመዝግቤያለሁ። እናንተም ፍራሻችሁን እስቲ ገለጥ አድርጉት።