እቴጌ ጣይቱ ብጡል፦ ከግቢው ጓዳ እስከ ፒያሳው ሆቴል

በአዲስ አበባ ፒያሳ የሚገኘው የእቴጌ ጣይቱ ሆቴል በአገራችን የመጀመሪያው ዘመናዊ ሆቴል እንደሆነ ይታወቃል። የመሥራቹ የእቴጌ ጣይቱ ስም ሲነሣ አብዛኛውን ጊዜ የሚወሳው በውጫሌ ውል ላይ ያሳዩት ጽናትና በአድዋ ዘመቻ የነበራቸው ድርሻ ነው። ይሁን እንጂ እቴጌይቱ በአስተዳደር ችሎታቸው የመሩት የምግብና የመጠጥ ዝግጅት ሥርዓት፣ በተለይም የእርሾ፣ የጠጅና የጠላ ሙያ፣ ዛሬ በዓለም ዙሪያ በቤተ ሙከራ ከሚጠና የሳይንስ ዘርፍ ጋር በቀጥታ የተያያዘ ነው።

እቴጌ ጣይቱ የተወለዱት በ19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ሲሆን፣ አባታቸው ብጡል ኃይለ ማርያም የስሜኑ ገዢ የደጃዝማች ውቤ ወንድም ነበሩ። ሴቶች ፊደል መቁጠር ባልተለመደበት በዚያ ዘመን ንባብና ጽሕፈት ከመማራቸውም በላይ በገና መደርደርንና ቅኔን እንደሚያውቁ ይነገራል። የመኳንንት ልጅ እንደመሆናቸው የጓዳ ሙያንም ጠንቅቀው ተምረዋል። በዘመኑ የባለሙያ ሴት ክብር የሚለካው እርሾዋ ሳይበላሽ በመቆየቱ፣ ጠላዋ በመጥራቱና ጠጇ በመጣፈጡ ነበርና።

በ1875 ዓ.ም. በአንኮበር መድኃኔ ዓለም ቤተ ክርስቲያን ከሸዋው ንጉሥ ምኒልክ ጋር ጋብቻቸውን በቁርባን ፈጸሙ። የቤተ መንግሥቱ መቀመጫ ወደ እንጦጦ ከተዛወረ በኋላም እቴጌይቱ በፍልውኃ አካባቢ ቤት እንዲሠራ በማድረግና ስፍራውን አዲስ አበባ ብለው በመሰየም፣ በ1879 ዓ.ም. የዛሬይቱ ርዕሰ ከተማ እንድትቆረቆር ምክንያት ሆነዋል። እ.ኤ.አ. በ1887 የእንጦጦ ማርያም ቤተ ክርስቲያን በተመረቀበት ወቅት በእርሳቸው መሪነት የተሰናዳው ታላቅ ግብርም በጸሐፌ ትእዛዝ ገብረ ሥላሴ ዜና መዋዕል ውስጥ ተመዝግቦ ይገኛል። ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም. ምኒልክ በዚያው ቤተ ክርስቲያን ንጉሠ ነገሥት ተብለው ከነገሡ ከሁለት ቀን በኋላ ጣይቱም እቴጌ ተብለው ዘውድ ጫኑ።

የቤተ መንግሥት ግብር ድግስ ብቻ አልነበረም። ሹማምንትና ወታደሮች በየማዕረጋቸው የሚስተናገዱበት፣ የመንግሥት ሥልጣን የሚገለጽበትና የክፍላተ ሀገር ምርት የሚሰባሰብበት የአስተዳደር ተቋም ነበር። ማር፣ ጌሾ፣ እህልና ቅቤ በግብር መልክ ከየአቅጣጫው እየገቡ በማር ቤት፣ በጠጅ ቤት፣ በወጥ ቤትና በእንጀራ ቤት ለሚሠሩ ባለሙያዎች ይከፋፈሉ ነበር። በሺህ ለሚቆጠር ሰው የሚቀርብ እንጀራ በአንድ ሌሊት የሚደርስ አይደለምና፣ ግብሩ ከመድረሱ ከቀናት በፊት ሊጡ መቦካት፣ ከሳምንታት በፊትም ጠጁ መጣል ነበረበት። ከዚህ አኳያ እቴጌይቱ የሚያስተዳድሩት እህልና ማር ብቻ ሳይሆን ጊዜም ጭምር እንደነበር መረዳት ይቻላል።

ባለሙያዎቹ በልምድ የሚያውቁትን ሂደት ሳይንስ ዘግይቶ ደርሶበታል። ጠጅ ማርና ውኃ ተበጥብጦ፣ ጌሾ ተጨምሮበትና በታጠነ ጋን ተከድኖ እንደ አየሩ ሙቀት ከአንድ እስከ ሦስት ሳምንት ሲቀመጥ፣ በዓይን የማይታዩ የእርሾ ሕዋሳት የማሩን ስኳር ወደ አልኮል ይለውጡታል። በጤፍ ሊጥም ከቀድሞው ቡኮ የተቀመጠው እርሾ ላክቲክ አሲድ የሚያመነጩ ባክቴሪያዎችንና የእርሾ ሕዋሳትን ይዞ ይገባል። አሲዱ ሊጡን ያኮመጥጠዋል፤ ጎጂ ተሕዋስያን እንዳይራቡበትም ያግዛል።

ይህ ዕውቀት ለአገር ነፃነትም ውሏል። በ1888 ዓ.ም. ሠራዊቱ ወደ ሰሜን ሲዘምት የተሰነቀው ድርቆሽ፣ በሶና ቋንጣ የሳምንታትን ጉዞ የሚችል ነበር። ድርቆሹ ቦክቶ የተጋገረና የደረቀ እንጀራ በመሆኑ ከአሲዱም ከድርቀቱም የተነሣ በቀላሉ አይሻግትም። እቴጌይቱ የራሳቸውን ጦር አሰልፈው ከመዝመታቸውም በላይ፣ መቀሌ ላይ ጠላት የመሸገበት ምሽግ የውኃ ምንጭ እንዲያዝ ያቀረቡት ምክር ምሽጉን ለማስለቀቅ ወሳኝ እንደነበር ታሪክ ያስረዳል። ስንቅ ያለው ሠራዊት እንደሚጸና፣ ውኃ ያጣ ምሽግ ደግሞ እንደማይጸና ጓዳ የመራ ሰው አይስተውም።

ከድሉ በኋላ አዲስ አበባ የውጭ አገር መልእክተኞችና ነጋዴዎች የሚጎርፉባት ከተማ ሆነች። እንግዶቹ የሚያርፉበት ቤት ባለመኖሩ እቴጌይቱ በአራዳ ሆቴል አሠርተው፣ እ.ኤ.አ. በ1907 ሥራ እንዲጀምር አደረጉ። በዚያን ጊዜ ምግብ በገንዘብ መሸጥና መግዛት እንደ ነውር ይታይ ስለነበር ደንበኛ ማግኘት አዳጋች ሆኖ እንደቆየና፣ አፄ ምኒልክ መኳንንቱን ይዘው በመምጣት ተመግበው በመክፈል አርአያ እንደሆኑ ይተረካል። እንግዳን በዋጋ ማስተናገድ በከተማዋ ሥር መስደድ የጀመረው በዚህ መልክ ነው።

በሆቴሉ ምሥረታ ወቅት በአውሮፓም ተመሳሳይ ርዕሰ ጉዳይ መነጋገሪያ ሆኖ ነበር። በፓሪስ የፓስተር ኢንስቲትዩት ተመራማሪ ኤሊ ሜችኒኮፍ እ.ኤ.አ. በ1907 ባሳተሙት መጽሐፍ፣ የቡልጋሪያ ገበሬዎች ዕድሜ የሚረዝመው እርጎ አዘውትረው በመጠጣታቸው ሊሆን እንደሚችል ሐሳብ አቅርበዋል። በዓመቱ በበሽታ መከላከል ምርምራቸው የኖቤል ሽልማት ተሸላሚ ሆኑ። ስለ ረጅም ዕድሜ ያቀረቡት ሐሳብ በማስረጃ ባይረጋገጥም፣ ዛሬ ፕሮባዮቲክስ ለሚባለው የምርምር ዘርፍ መነሻ ሆኗል።

የእቴጌይቱ የመጨረሻ ዓመታት ግን በኀዘን የተሞሉ ነበሩ። አፄ ምኒልክ በጠና ከታመሙ በኋላ የመንግሥቱን ሥራ ሲመሩ ቆይተው፣ በመጋቢት 1902 ዓ.ም. በመኳንንቱ ስምምነት ከሥልጣን ተገለሉ። ንጉሠ ነገሥቱ ታኅሣሥ 3 ቀን 1906 ዓ.ም. ካረፉ በኋላ በእንጦጦ ማርያም ተወስነው ኖሩ። የካቲት 4 ቀን 1910 ዓ.ም. ከዚህ ዓለም በሞት ተለዩ። ዐፅማቸው በበዓታ ለማርያም ቤተ ክርስቲያን ከባለቤታቸው መቃብር አጠገብ አርፏል።

በእርሳቸው ዘመን በጓዳ የነበረው ሙያ በአሁኑ ወቅት የምሁራን የምርምር መስክ ሆኗል። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር ሞገሴ አሸናፊና ሌሎች የማይክሮባዮሎጂ ተመራማሪዎች በእርጎ፣ በጠጅ፣ በአዋዜ፣ በስልጆና በመሳሰሉት ላይ ለዓመታት ጥናት አካሂደዋል። ከዚህ ዘርፍ ጥናቶች እንደሚታየው ባክቴሪያዎች በሚብላላ ምግብ ውስጥ የሚገኘውን ፕሮቲን ሲሰባብሩ ፔፕታይድ የሚባሉ አጫጭር የአሚኖ አሲድ ሰንሰለቶች ይፈጠራሉ። ከረጋ ወተት ከተለዩት ፔፕታይዶች መካከል የደም ግፊትን ከፍ የሚያደርግ ኢንዛይምን በቤተ ሙከራ የሚያዳክሙ ተገኝተዋል። ሆኖም በሰዎች ላይ የተደረጉት ሙከራዎች ውጤት አነስተኛና የተለያየ በመሆኑ፣ ምግቡ የሐኪምን መድኃኒት ይተካል ማለት አይቻልም።

ጥንቃቄ የሚያሻቸው ሌሎች ነጥቦችም አሉ። የዓለም የምግብና እርሻ ድርጅትና የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2001 ባወጡት ፍቺ መሠረት ፕሮባዮቲክስ ሊባሉ የሚችሉት በሕይወት እያሉ፣ በበቂ መጠን ሲወሰዱ ለጤና ጥቅም የሚሰጡ ተሕዋስያን ብቻ ናቸው። በእንጀራ ሊጥ ውስጥ ያሉት ባክቴሪያዎች በምጣዱ ሙቀት ስለሚሞቱ እንጀራን በዚህ ስም መጥራት ትክክል አይሆንም። ነገር ግን ሊጡ ሲቦካ ብረትና ዚንክ ከሰውነት ጋር እንዳይዋሐዱ የሚያግደው ፋይቴት የተባለው ንጥረ ነገር ይቀንሳል። ሳይፈላ የሚረጋ እርጎ በበኩሉ ሕያው ባክቴሪያ ቢኖረውም፣ ወተቱ በንጽሕና ካልተያዘ በሽታ አምጪ ተሕዋስያን አብረው ሊቆዩበት ይችላሉ።

ለመንግሥት ሠራተኞችና ለኃላፊዎች ጉዳዩ የሳይንስ ብቻ ሳይሆን የባለቤትነትም ጥያቄ ነው። አንድ የኔዘርላንድ ኩባንያ በጤፍ ዱቄት አዘገጃጀት ላይ በአውሮፓ የፈጠራ መብት አስመዝግቦ ለዓመታት ከቆየ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2018 የሄግ ፍርድ ቤት መብቱ በዚያች አገር ዋጋ እንደሌለው ወስኗል። ኢትዮጵያ የጀነቲክ ሀብትንና የማኅበረሰብ ዕውቀትን የሚመለከተውን አዋጅ ቁጥር 482 በ1998 ዓ.ም. ማውጣቷ ይታወሳል። ሕጉ የሚጠብቀው ሀብት ግን አስቀድሞ ሊታወቅ፣ ሊለይና ሊመዘገብ ይገባል። በየቤቱ ከእናት ለልጅ የሚተላለፍ እርሾ የባክቴሪያዎቹ ዓይነት ተለይቶ በተሕዋስያን ባንክ ካልተቀመጠ፣ ጋንና ቡሃቃው በፋብሪካ ምርት ሲተኩ ከነዘሩ ሊጠፋ ይችላል።

የእቴጌይቱ ሆቴል በ2007 ዓ.ም. በደረሰበት የእሳት አደጋ ከፊሉ ቢጎዳም ከጥፋት ተርፏል። በ2016 ዓ.ም. በፒያሳ በተካሄደው የልማት ሥራ በርካታ ነባር ቤቶች ሲነሡም በስፍራው ቆይቷል። ቅርስነቱ የታወቀ ሕንፃ ተከራካሪ አያጣም። በዚያው ዘመን በግቢው ጓዳ ጠጅ ይጥሉና ሊጥ ያቦኩ የነበሩ ሴቶች ስም ግን በአብዛኛው አልተጻፈም። ከእጃቸው የተረፈው ቅርስ በየማጀቱ በሕይወት የሚገኘው እርሾ ነው። ይህንን መዝግቦ ለትውልድ ማስተላለፍ የተመራማሪዎችና የሚመለከታቸው መሥሪያ ቤቶች የጋራ ኃላፊነት ነው።