ማርኮኒ፤ የአየሩን በር የከፈተ ሰው

የዛሬ ተማሪ ከመዳፉ የማትበልጥ፥ ሎራ የተባለውን ራዲዮ የያዘች ኢ.ኤስ.ፒ.32 ሰሌዳ ገዝቶ፥ አስቀድሞ አንቴናዋን ይገጥማል፤ በገመድ ከኮምፒዩተሩ ጋር አገናኝቶም ሜሽታስቲክ የሚባለውን ፕሮግራም ይጭንባታል። ከዚያም በአገሩ የተፈቀደውን የሞገድ ክልል ይመርጣል፤ እርሱና ባልንጀሮቹም አንድ ዓይነት የቻናል ቁልፍ ያስገባሉ። ይህ ከተፈጸመ በኋላ ያለ ስልክ መሥመርና ያለ ኢንተርኔት ቃል ይለዋወጣሉ። አንዷ ሰሌዳ የሰማችውን ለጎረቤቷ፥ ጎረቤቷም ለሌላይቱ ታቀብላለች፤ ሌላ ትእዛዝ ካልተሰጠም ቅብብሉ እስከ ሦስት ጊዜ ይደገማል። የዚህ ነገር ሥር ተመርምሮ ቢታይ ወደ አንድ የቦሎኛ ልጅ ያደርሳል።

ጉልዬልሞ ማርኮኒ በ1874 (በዚህ ጽሑፍ ያለው ዘመን ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ነው) በኢጣልያ ከባለጸጋ ቤተሰብ ተወለደ። አባቱ ኢጣልያዊ፥ እናቱ የአየርላንድ ተወላጅ ነበረች። የዩኒቨርሲቲ ማዕርግ አልነበረውም፤ ይሁን እንጂ ጀርመናዊው ሄርትዝ የማይታየውን ሞገድ በሙከራ ማሳየቱን ባነበበ ጊዜ፥ ይህ ሞገድ ቃል ሊሸከም ይችላል የሚል አሳብ አደረበት። በ1895 በአባቱ ርስት በፖንቴኪዮ የመሣሪያውን አንድ ጫፍ ከፍ አድርጎ ሰቀለ፤ ሌላውን ከመሬት ጋር አገናኘ። ታላቅ ወንድሙ አልፎንሶ ተቀባዩን መሣሪያ ይዞ ከኮረብታው ጀርባ ሄደ፤ ምልክቱ መድረሱንም በጠመንጃ ተኩስ አስታወቀ። አንቴናው ከፍ ባለ መጠን መልእክቱ እንደሚርቅ ማርኮኒ የተማረው በዚያ ነው። ዛሬም ሰሌዳውን ጠረጴዛ ሥር ከሚያኖር ተማሪ ይልቅ ከጣራ ላይ የሚያወጣው ሩቅ ይሰማል።

በ1896 ወደ እንግሊዝ አገር ሄደ፤ የፖስታ መሥሪያ ቤቱ ዋና መሐንዲስ ዊልያም ፕሪስም ረዳው። በ1897 ኩባንያው ተቋቋመ፤ በ1899 መልእክቱ ባሕር ተሻግሮ በእንግሊዝና በፈረንሳይ መካከል ተመላለሰ። በ1901 ኒውፋውንድላንድ ላይ ሆኖ፥ በነፋስ በሚንሳፈፍ ካይት ላይ ሽቦ አስሮ፥ ከ3000 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ ከእንግሊዝ የተላከለትን ሦስት ነጥብ እንደ ሰማ አስታወቀ። ይህን የሚጠራጠሩ ሊቃውንት አሉ። በ1909 ከጀርመናዊው ብራውን ጋር የኖቤል ሽልማት ተቀበለ።

ነገር ግን አየሩን የከፈተው ሰው በሩን ለብቻው ሊይዝ ፈለገ። አደጋ ካልደረሰ በቀር የኩባንያው ሠራተኞች በሌላ ኩባንያ መሣሪያ ለሚጠራቸው እንዳይመልሱ ታዘዙ። በ1902 የጀርመን ንጉሠ ነገሥት ወንድም ልዑል ሄንሪክ ከመርከብ ላይ ሆኖ ለፕሬዚዳንት ሩዝቬልት የምስጋና ቃል ሊልክ ቢፈልግ፥ መርከቡ የጀርመን መሣሪያ ስለያዘ የማርኮኒ ጣቢያ እንዳልተቀበለው ይነገራል። ስለዚህ መንግሥታት በ1903 እና በ1906 በበርሊን ተሰብስበው፥ የባሕር ዳር ጣቢያ የመሣሪያ ልዩነት ሳያደርግ የመርከብን መልእክት ሁሉ እንዲቀበል ደነገጉ።

በ1912 ታይታኒክ ስትሰጥም በአቅራቢያዋ የነበረችው የካሊፎርንያን መርከብ የራዲዮ ሠራተኛ መሣሪያውን ዘግቶ ተኝቶ ነበር። ጥሪውን የሰማችው ካርፓትያ ከሩቅ ገሥግሣ ከ700 በላይ ሰዎች አዳነች። መሣሪያው የሰው ሕይወት እንደሚያድን፥ የሚሰማ ጎረቤት ከሌለ ግን ብቻውን ከንቱ እንደሆነ ዓለም ተረዳ።

ማርኮኒ በ1923 የፋሺስት ፓርቲ አባል ሆነ። በ1935 ኢጣልያ አገራችንን በወረረች ጊዜም ወረራውን ደግፎ ተከራከረ። በዚያው ዓመት ዐፄ ኃይለ ሥላሴ ከአዲስ አበባ ለውጭው ዓለም ንግግር ያሰሙት በራዲዮ ነበር። ሞገዱ ለፈጣሪው ወገን አላደላም፤ የተበዳይንም ድምፅ ተሸከመ። ማርኮኒ በ1937 በሮም ሲሞት የእንግሊዝ የራዲዮ ጣቢያዎች ለሁለት ደቂቃ ጸጥ አሉ።

እንግዲህ ተማሪ ሰሌዳውን ሲያዘጋጅ፥ ወጣት ባለሥልጣንም የሞገድ ደንብ ሲጽፍ፥ ይህን ሕይወት ከነብርሃኑ ከነጥላው ያስቡት። የማርኮኒን ጥበብ እንውሰድ፤ የጎረቤትን ቃል አላቀብልም ማለቱን ግን እንተው። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የተባለው፥ እያንዳንዱ ክር የባልንጀራውን ሸክም ሲቀበል ነውና።