የተስፋውን ዜማ ግጥም የጻፈው የባቡር ሠራተኛ

እ.ኤ.አ. በ1955 ለሕዝብ በቀረበው «ሽሪ 420» በተሰኘው የህንድ ፊልም ውስጥ ራጅ ካፑርና ናርጊስ በዝናብ መካከል በአንድ ጃንጥላ ሥር ሆነው ይታያሉ። የሚሰማው ቅብብል ዜማ ግን የማና ዴይና የላታ ማንጌሽካር ድምፅ ነው። በኢትዮጵያ ሲኒማ ቤቶች የህንድ ፊልም እየተመለከተ ያደገው ትውልድ እንዲህ ያሉ ዜማዎችን ቋንቋውን ሳያውቅ አንጎራጉሯል። በጂዛንም ሆነ በሀሩብ ተራሮች ከህንዳዊና ከፓኪስታናዊ ባልደረባው ጋር የሚውል ሠራተኛ ዛሬም ዜማውን ቢሰማ አይገርምም። የግጥሙ ባለቤት ስም ግን ከተዋናዮቹ ስም ይልቅ ተሸፍኖ ኖሯል።

ሻይሌንድራ የተወለደው እ.ኤ.አ. በ1923 ዛሬ በፓኪስታን በምትገኘው ራዋልፒንዲ ሲሆን፣ ያደገው በህንዷ ማቱራ ነው። ኋላም ወደ ቦምቤይ አቅንቶ በባቡር ድርጅት የጥገና ሥፍራ ተቀጠረ። ቀን ብረት እየቀጠቀጠ፣ በትርፍ ጊዜው በሠራተኞች ስብሰባ ላይ ግጥም ያነብ ነበር። ወጣቱ የፊልም ሰው ራጅ ካፑር በአንዱ መድረክ ሰምቶት ግጥሙን ለመግዛት ቢጠይቀው፣ ግጥሙ ለሽያጭ እንዳልሆነ ገልጾ አሰናበተው። ጥቂት ቆይቶ ሚስቱ ነፍሰ ጡር ሆነች፤ ቤቱም ባዶ ነበር። ኩራቱን ዋጥ አድርጎ ወደ ካፑር ሄደና 500 ሩፒ ተቀበለ። ዕዳውንም እ.ኤ.አ. በ1949 ለወጣው «ባርሳት» ለተሰኘ ፊልም ግጥም በመጻፍ ከፈለ። ከዚያ በኋላ ሁለቱ አልተለያዩም።

የጃንጥላው ዜማ ጥንካሬ ተስፋውን በርካሽ አለመስጠቱ ነው። የሚዋደዱት ሰዎች ድሆች ናቸው፤ መንገዱ ሩቅ መሆኑን ያውቃሉ፤ ይፈራሉም። ገጣሚው ስለ አሥሩ አቅጣጫዎች በጻፈ ጊዜ፣ ከዜማ ደራሲዎቹ አንዱ የሆነው ጃይኪሻን ሕዝቡ የሚያውቀው አራት ብቻ ነው ሲል ተቃውሞ ነበር። ሻይሌንድራ ግን ቃሉን አልለወጠም፤ ተራው ሕዝብ አይገባውም የሚለውን አስተሳሰብ ከቶ አይቀበልም ነበርና። ፍቅር ከአፍቃሪዎቹ ዕድሜ በላይ እንደሚዘልቅ በሚነገርበት ቦታ ላይ ሦስት ሕፃናት የዝናብ ልብስ ለብሰው ያልፋሉ። የራጅ ካፑር የራሱ ልጆች ናቸው።

በመጨረሻ ሻይሌንድራ ራሱ የፊልም አዘጋጅ ሆነ። «ቲስሪ ካሳም» የአንድ የገጠር ጋሪ ነጂና የአንዲት የመድረክ ተጫዋች ታሪክ ነው፤ ሁለቱ ሳይገናኙ ይለያያሉ። ነጋዴዎቹ ፍጻሜው ደስ የሚያሰኝ እንዲሆን ፈለጉ። በዜማው ለብዙዎች ተስፋ የሰጠው ሰው ግን ታሪኩ የማይፈቅደውን ደስታ ሊጨምርበት አልወደደም። ሥራው ለዓመታት ተጓተተ፣ ዕዳው ተከመረ፣ ፊልሙም እ.ኤ.አ. በ1966 ሲወጣ ተመልካች አጣ። በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ወር በ14ኛው ቀን፣ በ43 ዓመቱ አረፈ። ዕለቱ የራጅ ካፑር የልደት ቀን ነበር። «ቲስሪ ካሳም» የዓመቱ ምርጥ ፊልም ተብሎ የህንድን ብሔራዊ ሽልማት ያገኘው አዘጋጁ ካለፈ በኋላ ነው።