ሶረን ሶረንሰን

ሶረን ፔደር ላውሪትስ ሶረንሰን (ጃንዩዌሪ 9 ቀን 1868 – ፌብሩዌሪ 12 ቀን 1939 እ.ኤ.አ.) የዴንማርክ ኬሚስት ነበር። በይበልጥ የሚታወቀው የፈሳሾች አሲድነት የሚለካበትን ፒኤች የተባለ መለኪያ በመፍጠሩ ነው። በዚህ መጣጥፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው።

የሕይወት ታሪክ

ሶረንሰን ሃቭሬቢየርግ በተባለ መንደር ከገበሬ ቤተሰብ ተወለደ። በ18 ዓመቱ ሕክምና ለመማር ኮፐንሃገን ዩኒቨርሲቲ ገባ፤ በኋላ ግን በመምህሩ በሶፉስ ማድስ ዮርገንሰን ተጽዕኖ ወደ ኬሚስትሪ ዞረ። በ1899 የዶክትሬት ዲግሪ አገኘ። ከ1901 እስከ 1938 ድረስ፣ ዮሃን ኬልዳልን ተክቶ፣ በኮፐንሃገን የካርልስበርግ ላቦራቶሪ የኬሚስትሪ ክፍል ኃላፊ ነበር። ባለቤቱ ማርግሬተ ሆይሩፕ ሶረንሰንም በምርምሩ አብራው ትሠራ ነበር።

ፒኤች

ላቦራቶሪው በ1875 በቢራ ፋብሪካ ባለቤት የተቋቋመ ሲሆን፣ የምርምር ውጤት በምስጢር እንዳይያዝ ደንብ ነበረው። ሶረንሰን በዚያ ኤንዛይሞችን ሲያጠና አንድ ችግር ገጠመው። በሁለት ፈሳሾች ላይ እኩል አሲድ ቢጨመርም የኤንዛይሙ ሥራ እኩል አይሆንም፤ ፕሮቲኖችና አንዳንድ ጨዎች የአሲዱን ከፊል ይይዙታልና። ስለዚህ መለካት ያለበት የተጨመረው አሲድ ሳይሆን፣ በፈሳሹ ውስጥ ነጻ የሆነው የሃይድሮጅን አዮን ነው።

ይህ መጠን እጅግ ትንሽ ነው። በ25 ዲግሪ ሴልሺየስ በአንድ ሊትር ንጹሕ ውኃ ውስጥ 0.0000001 ሞል ያህል ብቻ ይገኛል። ይህ ቁጥር 1ን ሰባት ጊዜ ለ10 በማካፈል ስለሚገኝ፣ ሶረንሰን በ1909 ባሳተመው ጥናት 7 ብቻ ተብሎ እንዲጻፍ ሐሳብ አቀረበ። ከ7 በታች አሲድ፣ ከ7 በላይ ቤዝ ነው። ፒኤች በአንድ ሲቀንስ አሲድነቱ አሥር እጥፍ ይጨምራል። በዚያው ጥናት ሁለት የመለኪያ ዘዴዎችን አብራርቷል፦ አንዱ በኤሌክትሮድ፣ ሌላው ቀለማቸውን በሚቀይሩ አመልካቾች።

በመዋኛ ገንዳ

ዛሬ የመዋኛ ገንዳ ውኃ የሚመረመረው በእነዚሁ ሁለት መንገዶች ነው። በቀለም ሲመረመር ፌኖል ሬድ የተባለ አመልካች በውኃው ናሙና ላይ ይንጠባጠባል፤ ቢጫ ከሆነ ፒኤቹ ዝቅ ያለ፣ ደማቅ ቀይ ከሆነ ከፍ ያለ ነው። ተገቢው መጠን ከ7.2 እስከ 7.8 ነው። ከዚህ ሲያልፍ ክሎሪን ጀርም የመግደል ኃይሉ ስለሚዳከም፣ ክሎሪን የተጨመረበት ውኃም ዋናተኞችን ለበሽታ ሊያጋልጥ ይችላል። ሲያንስ ደግሞ ዓይንን ያቃጥላል፣ ብረትንም ይበላል።