ሙሴ ኢልግና የኢትዮጵያ ምድር ባቡር

በዳግማዊ አፄ ምኒልክ ዘመን ወደ ኢትዮጵያ ከመጡት አውሮፓውያን ብዙዎቹ ነጋዴዎች፥ መልእክተኞችና ዕድላቸውን ሊሞክሩ የወጡ ሰዎች ነበሩ። ጥቂት ዘመን ተቀምጠው፤ የተገኘውን ይዘው ወደ አገራቸው ተመልሰዋል። ስዊሳዊው መሐንዲስ አልፍሬድ ኢልግ ግን ገና የሃያ አራት ዓመት ጐልማሳ ሳሉ መጥተው፤ የዕድሜያቸውን ዋና ክፍል፥ ይኸውም ሃያ ስምንት ዓመት ያህል፥ በንጉሠ ነገሥቱ አገልግሎት አሳልፈዋል። ሕዝቡም በዘመኑ ልማድ ሙሴ ኢልግ እያለ ይጠራቸው ነበር። ዛሬ ስማቸው የሚነሣው ከሁሉ ይልቅ በምድር ባቡሩ ምክንያት ነው። በሕይወታቸው ያዘኑበትም ሥራ ቢኖር ይኸው ነው።

ሙሴ ኢልግ በመጋቢት 1846 ዓ.ም. በስዊስ አገር ቱርጋው በተባለው ክፍለ ሀገር በፍራውንፌልድ ከተማ ተወለዱ። አስቀድመው በመካኒክ ሥራ ቤት እጃቸውን አሠለጠኑ፤ ከዚያም በዙሪክ ከፍተኛ የቴክኒክ ትምህርት ቤት ገብተው የሞተር ምሕንድስና ተማሩ። መዶሻና ሞረድ ይዘው መጀመራቸው ኋላ በኢትዮጵያ ከመጽሐፍ ትምህርታቸው ይልቅ ጠቅሟቸዋል ቢባል ስሕተት አይደለም።

በዚያ ጊዜ የሸዋ ንጉሥ የነበሩት ምኒልክ ጥበብ የሚያውቅ አውሮፓዊ እንዲላክላቸው በኤደን ለነበረ የስዊስ ንግድ ቤት አስታውቀው ነበር። በዚህ ጥሪ ኢልግ በ1870 ዓ.ም. ከሁለት ያገራቸው ልጆች ጋር ከስዊስ ተነሡ፤ በታኅሣሥ 1871 ዓ.ም. አንኮበር ገቡ። ንጉሡ አዲሱን ሰው ሳይፈትኑ አላመኑም። መጀመሪያ ጫማ እንዲሰፉ፥ ቀጥሎም ጠመንጃ እንዲሠሩ አዘዟቸው ይባላል። ሁለቱም የመሐንዲስ ሥራ አልነበሩም፤ ነገር ግን ኢልግ ትእዛዙን አልናቁም፤ ሠርተው አቀረቡ ተብሎ ይተረካል። ከዚህ በኋላ ቤት መሥራት፥ የተሰበረ መሣሪያ መጠገን፥ በአዋሽ ወንዝ ላይ ድልድይ መዘርጋት የርሳቸው ፈንታ ሆነ። አማርኛንም አጥርተው ተማሩ፤ ንጉሡ ከአውሮፓውያን ጋር ሲነጋገሩ አስተርጓሚነቱ ወደርሳቸው የዞረው በዚህ ምክንያት ነው።

በንግድም በኩል ኢልግ ሥራ አልፈቱም። በ1880ዎቹ መጀመሪያ ዓመታት በሐረር ይነግድ ከነበረው ከታወቀው የፈረንሳይ ባለቅኔ ከአርቱር ሬምቦ ጋር በደብዳቤ ይገበያዩ ነበር። ሬምቦ ከሐረር ሸቀጥ ይልካል፤ ኢልግ በሸዋ ይሸጣሉ። ሬምቦ አንዳንድ ጊዜ ለአገሩ ገበያ የማይሆን ዕቃ፥ በተለይም የመጻፊያ ደብተር፥ እየላከ ኢልግን ያስቸግር ነበር፤ እርሳቸውም ጽሕፈት የማያውቅ ሕዝብ ይህን ምን ያደርገዋል በሚል ሐሳብ በቀልድ ይወቅሱት እንደ ነበር ደብዳቤዎቹ ይመሰክራሉ። ነጋዴ የሆነ አንባቢ የዚህን ቀልድ ምሬት ሳይነገረው ያውቀዋል፤ የማይሸጥ ዕቃ ይዞ በበረሃ የተጓዘ ግመልም ኪራዩን አይምርም።

አዲስ አበባ ከተቈረቈረች በኋላ ኢልግ ከሠሩት ሁሉ ሕዝቡን ያስደነቀው የውኃው ቧንቧ ነው። በ1886 ዓ.ም. ግድም ከእንጦጦ በኩል ያለውን የምንጭ ውኃ በብረት ቧንቧ ወደ ቤተ መንግሥቱ ለማውረድ ተነሡ። ውኃ ከሸለቆ ወርዶ ደግሞ ወደ ኮረብታ ይወጣል መባሉን ከመኳንንቱ ብዙዎቹ አላመኑም። በሙከራውም ቀን ንጉሠ ነገሥቱና መኳንንቱ ቆመው ሲጠብቁ ውኃው አልመጣ አለ። ኢልግ ቧንቧውን በየመገጣጠሚያው ሲመረምሩ፤ ዕቃው ሲጫን ከገባበት ጥጥ የቀረ ውታፍ አገኙ፤ እርሱ ሲወጣ ውኃው እየተንፎለፎለ ወጣ። ወዲያውም ባለ ግጥሞች ለንጉሠ ነገሥቱ ጥበብ ዘፈን አወጡ። ቧንቧውን በብልሃት የከፈተው የመካኒክ እጅ በዘፈኑ አልተነሣም፤ ኢልግ ግን በዚህ የሚቀየሙ ሰው አልነበሩም።

ከቧንቧው የሚበልጠው ሐሳብ ግን አስቀድሞ በልባቸው አድሮ ነበር። ከባሕር ጠረፍ ወደ ሸዋ የሚመጣው ዕቃ ሁሉ በግመልና በበቅሎ ጀርባ ነበርና፤ መንገዱ ከአንድ ወር በላይ ይፈጃል። ቡና፥ ቆዳ፥ ሰምና የዝሆን ጥርስ ጠረፍ እስኪደርሱ በየኬላው ቀረጥና በየመንገዱ ኪራይ ዋጋቸው ይናር ነበር። ኢልግ የእንፋሎት ባቡር ይህን ሁሉ እንደሚያሳጥረው ለምኒልክ ደጋግመው አስረዱ። ምኒልክም የነገሩን ጥቅም ከማንም ቀድመው አይተው ነበር። መኳንንቱ ግን ሐዲዱ ለባዕድ ጦር መንገድ ይጠርጋል ብለው ፈሩ። ይህ ፍርሃት በኋላ ዘመን እንደ ድንቁርና ተቈጥሮ ቢሳቅበትም፤ በዚያ ዘመን በአፍሪካ ሌላ ክፍል ሐዲድ ምን እንደ ሠራ ያየ ሰው የሚስቅበት አይደለም። ኪችነር በሱዳን ላይ የዘመተው ከወዲ ሐልፋ በበረሃው ሐዲድ እየዘረጋ ነበር።

በየካቲት 1885 ዓ.ም. ምኒልክ ኩባንያ እንዲያቋቁሙ ለኢልግ ፈቀዱ፤ በመጋቢት 1886 ዓ.ም. ደግሞ ዋናው ውል ተሰጠ። ውሉ ለ99 ዓመት ሲሆን፤ መሥመሩ በሦስት ክፍል የተመደበ ነበር፤ የመጀመሪያው ከጅቡቲ እስከ ሐረር፥ ሁለተኛው ከሐረር እስከ እንጦጦ፥ ሦስተኛው ከእንጦጦ ወደ ከፋና ወደ ነጭ ዓባይ። ኩባንያው በሐዲዱ አጠገብ የቴሌግራፍ ሽቦ እንዲዘረጋ፤ በጦርነትም ጊዜ የንጉሠ ነገሥቱን ጦር ያለ ዋጋ እንዲያጓጉዝ ተዋዋለ። በምላሹም ከቀይ ባሕርና ከሕንድ ውቅያኖስ ጠረፍ ተነሥቶ ይህን መሥመር የሚወዳደር ሌላ ባቡር እንዳይሠራ ቃል ተገባለት። ኢልግ ከፈረንሳዊው ነጋዴ ከሙሴ ሸፍኔ ጋር ሆነው ከዓድዋ ድል በኋላ በዚያው ዓመት ኩባንያውን በፓሪስ አቆሙ።

ሥራው በጥቅምት 1890 ዓ.ም. ከጅቡቲ ተጀመረ። የሐዲዱ ስፋት አንድ ሜትር ነበር፤ ከምጽዋዕ ወደ አስመራ በወጣው በ95 ሳንቲሜትሩ ሐዲድ የለመደ ሰው ልዩነቱ የአምስት ጣት ያህል እንኳ እንደማይሆን ያውቃል። ጠባብ ሐዲድ በተራራ ጥምዝ ላይ ይተጣጠፋል፤ ወጪውም ያንሳል። ነገር ግን በዚያ በረሃ ዋናው ጠላት ዳገቱ ብቻ አልነበረም። የእንፋሎት ባቡር ከሰልና ውኃ ካላገኘ አይንቀሳቀስም፤ ከሰሉ በመርከብ ይመጣል፤ ውኃው ግን በመንገዱ የለም፤ በተገኘበትም ስፍራ ጨዋማ ከሆነ በማፍያው ውስጥ እንደ ድንጋይ ይጋገራል። እንጨት ምስጥ ስለሚበላው ከሐዲዱ ሥር የሚጋደመው አግዳሚ ከብረት ሆነ። በሆልሆል ጥልቅ ሸለቆ ላይ ረጅም የብረት ድልድይ ተሠራ። መሥመሩ የሚያልፍበት ምድር ባለቤት የሆነው የኢሳ ሕዝብም ሳይጠየቅ በአገሩ መታለፉን አልወደደም፤ በሠራተኞቹ ላይ አደጋ ይጥል፥ የቴሌግራፉንም ሽቦ ይቈርጥ ነበር።

ወደ ሐረር የሚያወጣው ዳገት ለባቡር እጅግ የቀና ስላልሆነ፤ በመጨረሻ ሐረር ቀርታ ሐዲዱ ከተራራው ግርጌ እንዲያልፍ ተወሰነ። በታኅሣሥ 1895 ዓ.ም. ባቡር ከጅቡቲ 310 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ በሜዳው ላይ ቆመ። የድሬዳዋ ከተማ በዚህ ምክንያት ተወለደች። የሐረር ነጋዴዎችም ሱቃቸውን እየዘጉ ወደ አዲሲቱ ከተማ ወረዱ።

ደስታው ግን ንጹሕ አልነበረም። ኩባንያው ገንዘብ አጥሮት ስለ ነበረ ከለንደን ባለ ገንዘቦች ተበደረ፤ አክሲዮኑም ወደ እንግሊዞች እጅ መግባት ጀመረ። በዚህ የደነገጠው የፈረንሳይ መንግሥት በጥር 1894 ዓ.ም. ከኩባንያው ጋር ስምምነት አድርጎ፤ ለ50 ዓመት በየዓመቱ 500,000 ፍራንክ ሊሰጥ ተስማማ፤ በምላሹም በመሥመሩ ላይ ሰፊ ሥልጣን አገኘ። ሁሉ የተፈጸመው ምኒልክ ሳይጠየቁ ነው። ለነጋዴ ኩባንያ የሰጡት ውል ለባዕድ መንግሥት መሣሪያ መሆኑን ባዩ ጊዜ ንጉሠ ነገሥቱ ተቈጡ፤ ሐዲዱም ከድሬዳዋ ወዲህ እንዳይቀጥል ከለከሉ።

በዚሁ ዓመት በምዕራብ በኩልም የሐዲድ ነገር ተነሥቶ ነበር። በግንቦት 1894 ዓ.ም. ከእንግሊዝ ጋር የተፈረመው ውል ከመተማ ማዶ ያለውን የገዳሪፍ አገር ከኢትዮጵያ የሚለየውን ወሰን ሲወስን፤ ሱዳንን ከኡጋንዳ የሚያገናኝ ባቡር በኢትዮጵያ ምድር እንዲያልፍ እንግሊዝ መብት አገኘች። በወረቀት የቀረ መብት ነበር። በገዳሪፍና በቱነይድባ ዙሪያ ያለው ጥቁር አፈር ሜዳ ማሽላና ሰሊጥ የሚያበቅል፥ በክረምት ግን ግመልን የሚያሰምጥ ጭቃ ነው፤ የሱዳን ባቡር ከከሰላ ተነሥቶ ገዳሪፍ የገባው በ1920 ዓ.ም. ሲሆን፤ ወደ ኢትዮጵያ ወሰን ግን አልተሻገረም። ስለዚህ የጐንደር ሰምና ቡና በመተማ በኩል ሲወርድ እስከዚያ ድረስ በእንስሳ ጀርባ መጫኑ አልቀረለትም።

ኢልግ በ1889 ዓ.ም. የመንግሥት አማካሪነት ማዕርግ ተቀብለው የውጭ ጉዳዩን ሥራ ይመሩ ስለ ነበረ፤ በዚህ ሁሉ መካከል ቆመው ተገኙ። የውሉ ባለቤትም የንጉሡ አማካሪም እርሳቸው ናቸው። ፈረንሳዮች አልረዳንም ሲሉ፤ እንግሊዞችና ጣሊያኖች ለፈረንሳይ ያዳላል አሉ፤ በቤተ መንግሥትም የግል ጥቅም አለው የሚል ሐሜት ተነዛ። ነገሩን በቅንነት ለሚመለከት ሰው፤ ኢልግ አገሪቱን ሊሸጡ አልፈለጉም፤ ነገር ግን ሁለት ወንበር በአንድ ጊዜ መያዛቸው ጥፋት ነበር። የንጉሥ አማካሪ ከንጉሡ ጋር የሚዋዋል ኩባንያ ባለ ድርሻ ሲሆን፤ እውነትን ቢናገር እንኳ የሚያምነው አያገኝም።

ሐዲዱ በድሬዳዋ ቆሞ ሳለ አዲስ አበባ ባቡር ያየችው በሌላ መልክ ነው። ሰርኪስ ተርዚያን የተባለው አርመናዊ ነጋዴ መንገድ የሚደመድም የእንፋሎት ሞተር አስመጥቶ፤ በብዙ ድካም እስከ ከተማው አደረሰው። ሐዲድ የማይሻ፥ ጭሱን እያትጐለጐለ በመንገድ ላይ የሚሄድ ነበርና ሕዝቡ የሰርኪስ ባቡር አለው። ለእውነተኛው ባቡር ሃያ ዓመት የደከሙት ኢልግ በከተማይቱ ጐዳና ያዩት ይህን ብቻ ነው።

በታኅሣሥ 1899 ዓ.ም. እንግሊዝ፥ ፈረንሳይና ጣሊያን በለንደን ተሰብስበው የኢትዮጵያን የባቡር መሥመር በሦስት ተከፋፈሉት። ኩባንያውም ኪሳራ ላይ ወደቀ። በዚያው ዓመት ግድም ኢልግ ሥራቸውን ለቀው ከባለቤታቸው ከፋኒ ጋቲከርና ከልጆቻቸው ጋር ወደ ዙሪክ ተመለሱ። ምኒልክ በጥር 1900 ዓ.ም. አዲሱን የባቡር ውል ለሐኪማቸው ለዶክተር ቪታልየን ሰጡ፤ ሥራውንም አዲስ ኩባንያ ቀጠለው። በውሉ ላይ የኢልግ ስም አልነበረም።

ምኒልክ በታኅሣሥ 1906 ዓ.ም. ዐረፉ። ሙሴ ኢልግም ከሁለት ዓመት በኋላ በዙሪክ፥ በኢትዮጵያ የልደት በዓል በተከበረበት ዕለት፥ ታኅሣሥ 28 ቀን 1908 ዓ.ም. በ61 ዓመታቸው አረፉ። ሐዲዱ በዚያ ጊዜ አዋሽን ተሻግሮ ወደ ሸዋ ደጋ ይወጣ ነበር፤ ከጅቡቲ 784 ኪሎ ሜትር ተጉዞ አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም. ነው። ኢልግ ከኢትዮጵያ ይዘዋቸው የሄዱት ዕቃዎችና ያነሧቸው ፎቶግራፎች በዙሪክ ዩኒቨርሲቲ ቤተ መዘክር ተቀምጠዋል።