እቴጌ ምንትዋብና የቁስቋም ግንብ

ጎንደርን ሊጎበኝ የሚመጣ እንግዳ ዘወትር የፋሲልን ግቢ ያያል፤ ከዚያም ወደ ጥምቀተ ባሕሩና ወደ ደብረ ብርሃን ሥላሴ ይዘልቃል፤ ጊዜ ካጠረውም በዚያው ይመለሳል። ከከተማው በስተሰሜን ምዕራብ በተራራው ግርጌ ወደሚገኘው ደብረ ፀሐይ ቁስቋም የሚወጣው ጥቂቱ ነው። ይሁን እንጂ የጎንደር መንግሥት እንዴት እንደ ጸናና እንዴት እንደ ተናጋ በአንድ ስፍራ ለመመልከት የሚሻ ሰው ከቁስቋም የተሻለ ቦታ አያገኝም። ቁስቋም የእቴጌ ምንትዋብ ሥራ፣ መኖሪያና መቃብር ነውና። እዚህ የሚጠቀሱት ዓመታት በኢትዮጵያ አቆጣጠር ናቸው።

እቴጌ ምንትዋብ ከቋራ ባላባት ቤተ ሰብ የተወለዱ ናቸው። የክርስትና ስማቸው ወለተ ጊዮርጊስ፣ የመንግሥት ስማቸው ብርሃን ሞገሳ ነበር። በሕዝብ አፍ የጸናው ግን መልካቸውን የሚያወድሰው ስም ነው። አፄ በካፋ ማንነታቸውን ሰውረው በአገር ሲዘዋወሩ ቋራ ላይ ታመው፣ በባላባቱ ቤት ያስታመመቻቸውን ልጃገረድ እንደ ወደዱ በትውፊት ይነገራል። ትረካው ያማረ ነው፤ ነገር ግን የእቴጌይቱን ውበት ሲያጎላ ችሎታቸውን ጋርዷል።

ችሎታቸው የተፈተነው በ1723 ዓ.ም. መጀመሪያ አፄ በካፋ ባረፉ ጊዜ ነው። አልጋ ወራሹ ኢያሱ ገና የሰባት ዓመት ሕፃን ነበሩ። እቴጌይቱ ወንድማቸውን ወልደ ልዑልንና ሌሎች የቋራ ዘመዶቻቸውን በቤተ መንግሥቱ ዙሪያ አሰባስበው ልጃቸውን አነገሡ፤ በዚያው ዓመት ራሳቸውም ዘውድ ደፍተው የመንግሥቱ ተካፋይ ሆኑ። ብዙ ሳይቆይም በ1725 ዓ.ም. ሌላ ንጉሥ ያነገሠ የዓመፀኞች ጦር ጎንደር ገብቶ ግቢውን ከበበ። የግቢው ሰዎች ከውጭ ረዳት ጦር እስኪደርስላቸው ድረስ ተቋቋሙ፤ ዓመፁም ከሸፈ።

ከዚህ በኋላ የነበረው ዘመን ከቀደመውም ከተከተለውም ጋር ሲነጻጸር የሰላም ዘመን ነበር። የሰላሙ ምሰሶ ዝምድና ነው። እቴጌይቱ ሹመትን በወንድሞቻቸውና በአጎቶቻቸው ልጆች እጅ አደረጉ፤ ከየአውራጃው መኳንንት ጋርም በጋብቻ ተሳሰሩ። በልጃቸው ዘመነ መንግሥትም ቁስቋምን አሠሩ። ስሙ የተወሰደው ቅድስት ቤተ ሰብ በስደት ካረፈችበት ከግብፁ ደብረ ቁስቋም ነው። የድንጋይና የኖራ ቅጥሩ ክብ ማማዎች አሉት፤ በቤተ መንግሥቱ ግድግዳ ላይም ከቀላ ድንጋይ የተጠረቡ መስቀሎች ይታያሉ። በጣና ሐይቅ በደቅ ደሴት የሚገኘው ናርጋ ሥላሴም የእርሳቸው ሥራ ነው። በዚያ ቤተ ክርስቲያን ሥዕል ላይ እቴጌይቱ በእመቤታችንና በልጇ እግር ሥር ተደፍተው ይታያሉ፤ ያን ያህል ሥልጣን የያዙ ሰው ለትውልድ ሊያሳዩት የመረጡት መልክ ይህ ነው።

ሆኖም መንግሥቱን ያጸናው ዝምድና መንግሥቱን አናጋው። እቴጌይቱ የየጁን መኳንንት ለማቅረብ ብለው ልጃቸውን ከየጁ ባላባት ልጅ ከውቢት ጋር አጋቡ። አፄ ኢያሱ በ1747 ዓ.ም. ሲያርፉ ከዚህ ጋብቻ የተወለዱት ኢዮአስ በሕፃንነታቸው ነገሡ። ውቢትም በተራቸው የንጉሥ እናት በመሆናቸው፣ አማታቸው ለቋሮች እንዳደረጉት ሁሉ እርሳቸውም ለየጁ ወገኖቻቸው ሹመትን ፈለጉ። ሁለቱን ወገኖች አቻችለው የያዙት ራስ ወልደ ልዑል ነበሩ፤ በ1759 ዓ.ም. እርሳቸው ሲሞቱ ሚዛኑ ተሰበረ። ጠቡን እንዲያበርዱ ከትግራይ የተጠሩት ራስ ሚካኤል ስሑል ጎንደርን በእጃቸው አስገቡ፤ በ1761 ዓ.ም. አፄ ኢዮአስ በእርሳቸው ትእዛዝ ተገደሉ። ዘመነ መሳፍንት የሚባለው የመከፋፈል ዘመን ከዚህ ቀን ጀምሮ ይቆጠራል። ራስ ሚካኤል የእቴጌይቱ ልጅ የወይዘሮ አስቴር ባል መሆናቸው ደግሞ የነገሩን መራራነት ያብሳል፤ የልጅ ልጃቸውን ያስገደለው አማቻቸው ነበር።

እቴጌ ምንትዋብ የልጅ ልጃቸውን በቁስቋም ቀበሩ፤ ኑሯቸውንም በዚያው አደረጉ። በ1762 ዓ.ም. ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ ጎንደር ሲገባ ያገኛቸው በዚህ ኀዘን ውስጥ ነው። በዚያን ጊዜ በቁስቋም ግቢ ፈንጣጣ ገብቶ ነበር። ብሩስ የተዘጋጉትን በሮችና መስኮቶች አስከፍቶ፣ ክፍሎቹን አሳጥኖ የታመሙትን ልጆች አስታመመ፤ በዚህም የእቴጌይቱንና የወይዘሮ አስቴርን ወዳጅነት አተረፈ። ወደ አገሩ ተመልሶ ባሳተመው የጉዞ መጽሐፍ ስለ ቁስቋም ብዙ በመጻፉ፣ የእቴጌይቱ ስም ስኮትላንድ ድረስ ተሰማ። እርሳቸው ግን መጽሐፉ ከመታተሙ አስቀድሞ በ1765 ዓ.ም. አርፈው ከልጃቸውና ከልጅ ልጃቸው አጠገብ ተቀብረዋል።

በ1880 ዓ.ም. ድርቡሽ ጎንደርን ባቃጠለ ጊዜ ቁስቋምም ከጉዳት አላመለጠም። ቤተ ክርስቲያኑ በኋላ ታድሷል፤ ቤተ መንግሥቱ ግን ጣሪያ አልባ ፍርስራሽ ሆኖ ቀርቷል። በ1972 ዓ.ም. የፋሲል ግቢ በዓለም ቅርስነት ሲመዘገብ ቁስቋምም ከጣና ዳር ካሉት ከጎርጎራ ቅርሶች ጋር በዚያው መዝገብ ገብቷል።

ወደ ቁስቋም የሚወጣ ሰው እንግዲህ የሚያየው የአንዲት ውብ ንግሥት ማረፊያ ብቻ አይደለም። በአንድ ግቢ ውስጥ የአያት፣ የልጅና የልጅ ልጅ አጽም አለ፤ በአጠገቡም ሦስቱን ያነገሠው ዝምድና ሲፈርስ አብሮ ያልፈረሰ ግድግዳ ቆሟል። እቴጌይቱ በሹመትና በጋብቻ የገነቡት ከእርሳቸው ዕድሜ አላለፈም። ለግንበኛ፣ ለሠዓሊና ለካህን አደራ የሰጡት ግን ሁለት መቶ ሃምሳ ዓመት ተሻግሮ ደርሷል። ኖራው እየረገፈ፣ ሥሩም በግድግዳው ስንጥቅ እየገባ ነውና፣ ከዚህ በኋላ የሚኖረው ዕድሜ የሚወሰነው አደራውን በሚቀበለው ትውልድ ሥራ ነው።